በመኖሪያ ቤት የሚከፈት የሕፃናት ማቆያ፦ የፈቃድ አሰጣጥና የደህንነት ፍተሻ በሐረር ከተማና በጁገል

አገልግሎቱ ምንድን ነው?

በመኖሪያ ቤት የሚሰጥ የሕፃናት ማቆያ አገልግሎት ማለት አንድ ሰው በሚኖርበት ቤት ወይም ግቢ የሌሎች ቤተሰቦችን ልጆች በክፍያ ተቀብሎ፣ ወላጆቻቸው በሥራ ላይ በሚሆኑበት ሰዓት የሚጠብቅበት፣ የሚመግብበትና የሚያጫውትበት አገልግሎት ነው። አያት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ያለ ክፍያ የምታደርገው ጥበቃ የዝምድናና የጉርብትና ጉዳይ እንጂ ንግድ አይደለም። ክፍያ ሲኖርና ከተለያዩ ቤተሰቦች የመጡ ሕፃናት በአንድ ጣሪያ ሥር በቋሚነት ሲውሉ ግን ሥራው የንግድ አገልግሎት ይሆናል፤ የፈቃድና የቁጥጥር ግዴታም ይከተለዋል።

የአገልግሎቱ ተፈላጊነት ከሥራ ሕይወት ጋር የተያያዘ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ታገኛለች። ስለዚህ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ልጇ ገና የ3 ወር ሕፃን ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲቋቋም ደንግጎ ነበር። በሸዋ በር ገበያ ወይም በፈረስ መጋላ ዙሪያ የምትነግድ እናት ግን እንዲህ ያለ ማቆያ የሚያዘጋጅላት መሥሪያ ቤት የላትም። ልጇን የምታሳድረው በሰፈሯ ለምታምናት ሴት ነው። የፈቃድና የፍተሻ ሥርዓቱ ዓላማ ይህን እምነት መተካት ሳይሆን ሊረጋገጥ የሚችል መሠረት እንዲኖረው ማድረግ ነው።

የሕግ መሠረት

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 የመንግሥትም ሆኑ የግል የበጎ አድራጎት ተቋማት ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ በሚወስዱበት ጊዜ የሕፃናቱን ደህንነት በቀደምትነት እንዲያስቡ ያዛል። ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ውስጥ ከአካል ቅጣት ወይም ከጭካኔና ከኢሰብአዊ አያያዝ ነፃ እንዲሆኑም ይደነግጋል። በአዋጅ ቁጥር 10/1984 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 3፣ ለሕፃናት እንክብካቤ የሚሰጡ ተቋማትና አገልግሎቶች በደህንነት፣ በጤና፣ በሠራተኞች ቁጥርና ብቃት እንዲሁም በቁጥጥር ረገድ የተቀመጠውን ደረጃ ማሟላታቸውን የማረጋገጥ ግዴታ በአባል አገሮች ላይ ጥሏል። በአደራ የተቀበሉትን ሕፃን መምታት፣ መበደልና ቸል ማለት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ያስጠይቃል። የንግድ ፈቃድን በሚመለከት የሚሠራበት ሕግ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ነው።

ከማመልከት በፊት

አመልካች ለዕቃና ለእድሳት ገንዘብ ከማውጣቱ አስቀድሞ በሚኖርበት ወረዳ የሴቶች፣ የሕፃናትና የማኅበራዊ ጉዳዮችን የሚከታተለውን ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይጠቅመዋል። በሐረር ከተማ ጥያቄው ለአሚር ኑር፣ ለአባድር፣ ለሸንኮር፣ ለጅኔላ፣ ለአቦከር ወይም ለሐኪም ወረዳ ይቀርባል። ዝርዝር መለኪያው፣ የአገልግሎት ክፍያውና ቅጹ ክልሉ በሚያወጣው መመሪያ የሚወሰኑ በመሆናቸው በሥራ ላይ ያለውን ቅጂ ከወረዳው ጠይቆ መያዝ ያስፈልጋል። ቤቱ የቀበሌ ወይም የግለሰብ ኪራይ ከሆነ የአከራዩ የጽሑፍ ስምምነት፣ ግቢው የጋራ ከሆነ ደግሞ የግቢው ተጋሪዎች ፈቃደኝነት አስቀድሞ ቢገኝ በኋላ ከሚነሳ አለመግባባት ያድናል።

የፈቃድ ሂደቱ ቅደም ተከተል

የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው ሌሎቹ ማረጋገጫዎች ከተሟሉ በኋላ ነው። ሂደቱ በአጠቃላይ የሚከተለውን መልክ ይይዛል፦

1. አመልካች መታወቂያውን፣ የቤቱን ይዞታ ወይም የኪራይ ውል፣ የጤና ምርመራ ውጤቱንና የሚቀበላቸውን ሕፃናት ቁጥርና ዕድሜ የሚገልጽ ማመልከቻ ያቀርባል።
2. ቤቱና ግቢው ለሕፃናት ምቹና አደጋ የማያስከትሉ መሆናቸው በባለሙያ ይፈተሻል።
3. መለኪያው ሲሟላ የብቃት ማረጋገጫ ይሰጣል፤ ጉድለት ከተገኘ ጉድለቱ በጽሑፍ ተገልጾ የማስተካከያ ጊዜ ይወሰናል።
4. አመልካች የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይዞ፣ ተመዝግቦ የንግድ ፈቃዱን ያወጣል።

ፍተሻው ምን ይመለከታል?

ፍተሻው የቤቱን ውበት ወይም የባለቤቱን ሀብት አይመዝንም። የሚመለከተው ገና መናገር ያልጀመረ፣ የሚድህና ያገኘውን ወደ አፉ የሚያስገባ ሕፃን በዚያ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲውል ምን ሊገጥመው እንደሚችል ነው።

ውሃ፦ የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ከደረቀ ወዲህ የሐረር ነዋሪ ውሃ በበርሜል፣ በጀሪካንና በሮቶ አጠራቅሞ መጠቀምን ለምዷል። ለጎልማሳ መድኅን የሆነው በርሜል ለሚድህ ሕፃን አደጋ ነው። ሕፃን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ሊሰጥም ይችላል፤ ሲሰጥምም አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ አያሰማም። ማንኛውም የውሃ ማጠራቀሚያ ሕፃን ሊያነሳው የማይችል ክዳን ሊኖረው፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋም ከአገልግሎት በኋላ ወዲያው ሊደፋ ይገባል።

እሳትና ጭስ፦ የከሰል ምድጃ፣ የቡና ማፍያና የዕጣን ማጨሻ ሕፃናት በሚውሉበት ክፍል መቀመጥ የለባቸውም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በተዘጋ የሥራ ቦታ ትምባሆ ማጨስ የተከለከለ ነው። በማቆያው የሥራ ሰዓት በዚያው ክፍል ጫት መቃምና ሺሻ ማጨስም ከሕፃናት ጥበቃ ጋር አይስማሙም።

መውደቅ፦ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ዋና ክፍል ደረጃ በደረጃ ከፍ እያሉ የሚሄዱ መቀመጫ መደቦች፣ ማለትም ነደባዎች አሉት። አንዳንድ ቤቶችም ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣ ደረጃ አላቸው። ሕፃናት የሚውሉበት ቦታ ዝቅተኛው ወለል እንዲሆን፣ ነደባውና ደረጃው በተንቀሳቃሽ አጥር እንዲከለል፣ በግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ሸክላና ጌጣጌጦችም ከሕፃናት መዋያ በላይ እንዳይሆኑ ይጠየቃል።

ምግብና ጤና፦ ከእናት የታለበ ጡት ወተት በክፍል ሙቀት ከ4 ሰዓት በላይ መቆየት ስለሌለበት ስምና ሰዓት ተጽፎበት መቀመጥ አለበት። የእያንዳንዱ ሕፃን የክትባት ካርድ ቅጂ ይያዛል። በአገሪቱ የክትባት መርሐ ግብር የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር ይሰጣል፤ ብዙ ሕፃናት አብረው በሚውሉበት ቤት አንድ ያልተከተበ ልጅ ለሌሎቹም ስጋት ነው። መድኃኒት ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ አይሰጥም። ከ1 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በጀርባው፣ በደልዳላ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ ይተኛል።

አስቸኳይ መውጫ፦ በጁገል ውስጥ ብዙዎቹ መተላለፊያዎች ለእግረኛ የተሠሩ ጠባብ መንገዶች በመሆናቸው አምቡላንስ እስከ ደጃፍ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ የጁገል ማቆያ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ሁለት ጥያቄዎችን አስቀድሞ መመለስ አለበት፦ የታመመው ሕፃን በማን እቅፍ ወደ የትኛው በር፣ ለምሳሌ ወደ ሸዋ በር፣ ወደ ኤረር በር ወይም ወደ ሰንጋ በር ይወሰዳል? ሌሎቹ ሕፃናትስ ከማን ጋር ይቆያሉ? መንገዱ በእግር ተሞክሮ የሚወስደው ደቂቃ መታወቅ አለበት። የጁገል ሆስፒታል በግንቡ ውስጥ መገኘቱ ለቅርብ ነዋሪዎች አማራጭ ይሰጣል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ ቁጥር 907 እና የፖሊስ ቁጥር 991 ከበሩ አጠገብ በጉልህ ይለጠፋሉ።

በቅርስነት በተጠበቀ ቤት ውስጥ

የሐረር ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ደህንነትን ለማሟላት ተብሎ ግድግዳ መብሳት፣ ነደባ ማፍረስ፣ በር ማስፋት ወይም የአፈር ወለልን በሲሚንቶ መተካት አይፈቀድም፤ በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገና ሥራ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃል። አመልካች በተንቀሳቃሽ ዘዴ ሊፈታ የማይችል ጉድለት ሲያጋጥመው በመጀመሪያ የክልሉን የቅርስ ጥበቃ አካል ማማከር አለበት። አብዛኞቹ ጉድለቶች ግን በእንጨት አጥር፣ በክዳን፣ በምንጣፍና በዕቃ አቀማመጥ የሚስተካከሉ ናቸው። የቤቱን ቅርስነት መጠበቅና የሕፃኑን ደህንነት መጠበቅ የሚጋጩት አስቀድሞ ሳይታሰብ ሲቀር ነው።

የሕፃናት ቁጥርና የተንከባካቢዋ ሁኔታ

አንዲት ተንከባካቢ በአንድ ጊዜ አቅፋ ልትወጣ የምትችለው የሕፃናት ቁጥር ውስን ነው። ለንጽጽር ያህል፣ በእንግሊዝ አገር በቤቱ ሕፃናትን የሚጠብቅ ሰው በመደበኛነት ከ8 ዓመት በታች የሆኑ ከ6 ልጆች በላይ መያዝ አይችልም። ከነዚህ ውስጥ ገና ትምህርት ቤት ያልገቡት ትንንሾች ከ3፣ ከ1 ዓመት በታች የሆነው ደግሞ ከ1 አይበልጡም፤ የራሱ ልጆችም በቁጥሩ ውስጥ ይካተታሉ። በሐረርም አመልካች በክልሉ መመሪያ የተወሰነውን ቁጥር መጠበቅና የራሱን ልጆች አብሮ ማስቆጠር አለበት። በቤቱ የሚኖሩ ጎልማሶች ሁሉ፣ በሥራው ባይሳተፉም፣ ለፈታሹ ባለሙያ ሊገለጹ ይገባል።

ፈቃድ ከተገኘ በኋላ

ፈቃድ የሚሰጠው በፍተሻው ዕለት ለታየው ሁኔታ በመሆኑ ክትትሉ ይቀጥላል። ባለሙያ በሥራ ሰዓት መጥቶ ሊመለከት ይችላል። የሕፃናት መምጫና መውጫ ሰዓት መዝገብ፣ የአደጋ መመዝገቢያና ልጁን የመውሰድ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ስም ዝርዝር በማንኛውም ጊዜ ዝግጁ መሆን አለባቸው። የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ይታደሳል። የጤና፣ የንጽሕና ወይም የደህንነት ደረጃ የተጓደለበት ፈቃድ እስኪስተካከል ድረስ ሊታገድ ይችላል። ቤት መቀየር፣ የሕፃናትን ቁጥር መጨመር ወይም ተንከባካቢ መተካት አስቀድሞ ለወረዳው መገለጽ አለበት።

ወላጆች ሊያደርጉት የሚገባ

ወላጆች ልጃቸውን ከማስገባታቸው በፊት የብቃት ማረጋገጫውንና ፈቃዱን ማየት፣ ቤቱንም ሕፃናት ባሉበት ሰዓት መጎብኘት ይገባቸዋል። የውሃ በርሜሉ የት ነው? ከሰል የሚቀጣጠለው የት ነው? ዛሬ ስንት ልጆች አሉ? ተንከባካቢዋ ብትታመም ማን ይተካታል? እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ ተንከባካቢዋን እንደ መጠራጠር ሊቆጠር አይገባም፤ ሥራዋን የምታውቅ ተንከባካቢ መልሱን ይዛ ትጠብቃለች።

ቅሬታና ጥቆማ

በማቆያ ውስጥ የደህንነት ጉድለት ያየ ማንኛውም ሰው ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ወይም ለክልሉ ቢሮ ማሳወቅ ይችላል። ሕፃን ተመትቷል ወይም ጥቃት ደርሶበታል የሚል ጥርጣሬ ካለ ጉዳዩ ሳይዘገይ ለፖሊስ መቅረብ አለበት፤ እንዲህ ያለው ጉዳይ በሽምግልና የሚያልቅ አይደለም። ማመልከቻው ያለ በቂ ምክንያት የዘገየበት ወይም የተከለከለበት አመልካች ደግሞ በመጀመሪያ ለክልሉ ቢሮ ኃላፊ፣ ካልተፈታለትም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል።