ካቲኖን

ከአወዳይ የተጫነ ጫት በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ አድርጎ ሐርጌሳ ይገባል። እዚያ በጋአን ሊባህ ሰፈር ያለ ደንበኛ ቀድሞ የሚያየው ቅጠሉ አለመጠውለጉን ነው። መኪናው የሚከንፈውም፣ እስሩ በእርጥብ ቅጠል የሚጠቀለለውም ለዚሁ ነው። ከዚህ ሁሉ ጥድፊያ ጀርባ ያለው ንጥረ ነገር «ካቲኖን» ይባላል።

ስሙ የመጣው ከተክሉ ሳይንሳዊ መጠሪያ፣ ከካታ ኤዱሊስ ነው፤ «ካታ» ደግሞ ከዓረብኛው «ቃት»። ከትኩስ ቅጠል ተለይቶ የታወቀው በ1975 እ.ኤ.አ. ነበር። ቅጠሉ ሲደርቅ አብዛኛው ካቲኖን ጉልበቱ ወደሚያንሰው ካቲን ይለወጣል።

በቤተ ሙከራም ቢሆን ንጹሑ ካቲኖን ብዙ አይቆይም፤ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተጣምረው ሌላ ውህድ ይሆናሉ። የሚረጋው ጨው ሲሆን ነው። «ጨው» እዚህ ላይ ወጥ የሚጣፍጥበት ብቻ ሳይሆን አሲድና ቤዝ ተገናኝተው የሚፈጥሩት ውህድ ሁሉ ነው። በሃይድሮክሎራይድ ጨው ውስጥ ናይትሮጅኑ አንድ ተጨማሪ ሃይድሮጅን ተቀብሎ የአሞኒየም ቡድን ይሆናል። ያን ጊዜ የቡድኑ ሦስት ሃይድሮጅኖች በዙሪያቸው ያሉትን ክሎራይዶች በሃይድሮጅን ትስስር ይይዛሉ። አንዱ ክሎራይድ ከአንድ በላይ ሞለኪውል ስለሚያገናኝ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ክሪስታል ይሠራል። በዓይን የማይታይ ነገር እንዲህ መደርደሩ በእውነት ያስደንቃል!

«ካቲኖን» እና «ጫት» የሚሉትን ሁለት ቃላት ማምታታት ግን አይገባም። ካቲኖን በ1971ዱ ዓለም አቀፍ የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ስምምነት ሠንጠረዥ 1 ላይ ሰፍሯል፤ ጫት ግን በስምምነቱ ውስጥ የለም፣ የቅጠሉን ነገር የሚወስነው የየአገሩ ሕግ ነው።