የዳህራኑ ሰዓት

እስቲ እህ ብላችሁ ስሙኝ። ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ 1991 ነው። የኢራቁ ሳዳም ሁሴን ስከድ ሚሳይሉን አንዴ ወደ እስራኤል፣ አንዴ ወደ ሳዑዲ ይለቃል። ቴል አቪቭ ሰዉ የጋዝ ጭንብል አጥልቆ፣ የመስኮቱን ሽንቁር በፕላስተር ደፍኖ ይቀመጣል፤ በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ የገቡት የእኛ አገር ቤተ እስራኤሎችም ያኔ እስራኤል ነበሩ። ሳይረኑ ይጮሃል፣ የአሜሪካው ሚሳይል መቺ፣ ፓትሪዮት፣ እየተምዘገዘገ ይወጣል፣ ሰማዩ ላይ ድው! ዓለም በቴሌቪዥን እያየ ያጨበጭባል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አባት ቡሽም ፌብሩዋሪ 15 ፓትሪዮት የሚሠራበት ፋብሪካ ድረስ ሄደው፣ ከ42 ስከድ 41ዱን ጥለናል ብለው አረፉት።

ፓትሪዮት ግን መጀመሪያ የታሰበው ለአውሮፕላን ነበር፤ ቦታ እየቀያየረ ጥቂት ሰዓት ሠርቶ እንዲጠፋ። ራዳሩ ስከዱን አንዴ ካየ በኋላ ቀጥሎ የት እንደሚገኝ አስልቶ ያችን ጠባብ ቦታ ብቻ ይጠብቃል። ስሌቱ የተንጠለጠለው በሰዓት ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ጊዜን በሰከንድ አንድ አሥረኛ ይቆጥራል፤ አንድ አሥረኛ ደግሞ በዜሮና በአንድ ብቻ ሲጻፍ ማለቂያ ስለሌለው ጭራው ይቆረጣል። የተቆረጠችው ከቁጥር የማትገባ ናት፤ ግን ትጠራቀማለች።

እስራኤሎች ነቅተውባታል። ፌብሩዋሪ 11፣ ማሽኑ ለ8 ሰዓት ሳይጠፋ ከሠራ ማነጣጠሩ እንደሚዛባ ለአሜሪካኖቹ አስታወቁ። መላው አጥፍቶ ማብራት ነው፤ ቢፈጅ ደቂቃ ተኩል! ከበላይ የወረደው መልእክት ግን «በጣም ረጅም ጊዜ» አለ እንጂ ስንት ሰዓት እንደሆነ አልተናገረም። እኔን የምታንገበግበኝ ይቺ ናት።

ሳዑዲ ውስጥ ዳህራን ላይ የነበረው ፓትሪዮት ከ100 ሰዓት በላይ ሳይጠፋ ቆየ። ሰዓቱ የሰከንድ ሲሶ ያህል ተዛነፈ። ስከድ በሰከንድ ከ1,600 ሜትር በላይ ይበርራል፤ እናንተው አስሉት። ፌብሩዋሪ 25 ማታ ራዳሩ ባዶ ሰማይ አይቶ ምንም የለም አለ። ፓትሪዮቱ ሳይተኮስ ስከዱ ወታደሮች የሚያድሩበት መጋዘን ላይ ወደቀ። 28 ሞቱ። 13ቱ ከፔንሲልቬንያ የመጡ የውሃ ማጣሪያ ክፍል ተጠባባቂዎች ነበሩ፤ ሳዑዲን ከረገጡ ሳምንት አልሞላቸውም። የታረመው ሶፍትዌር በማግስቱ ደረሰ።

ሰዓቱ ልክ ቢሆንስ ኖሮ? የሳዳም ስከድ ሩቅ እንዲደርስ ተብሎ የተቀጠለ ስለነበር ቁልቁል ሲመጣ ይሰባበራል፤ ፈንጂውና ስብርባሪው አብረው ይወርዳሉ፤ የቱን ይምቱት? የኤም አይ ቲው ፕሮፌሰር ቴዎዶር ፖስቶል ቪዲዮዎቹን ደጋግመው መርምረው፣ ያ ሁሉ ድው ድው ስከድ ለመምታቱ ማስረጃ የለም ሲሉ በ1992 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ተከራከሩ። ጦሩ አልተቀበላቸውም። ራሱ ግን የስኬቱን ቁጥር ለሳዑዲ ወደ 70፣ ለእስራኤል ወደ 40 በመቶ አወረደው።