ቢላ ወይስ የጠርሙስ አንገት? የዓይነ ስውሩ ሰባኪ ጊታር

ኅዳር 23 ቀን 1920 ዓ.ም. በአሜሪካዋ ቴክሳስ ግዛት፣ ዳላስ ከተማ ውስጥ አንድ ዓይነ ስውር የጎዳና ዘማሪ ጊታሩን ታቅፎ ከኮሎምቢያ የሸክላ ኩባንያ ማይክሮፎን ፊት ተቀመጠ። በዚያ አንድ ቀን ስድስት መዝሙሮች አስቀረጸ። ከስድስቱ አንዱ ግጥም የለውም። ሦስት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ የሚዘልቅ እንጉርጉሮና ከእንጉርጉሮው ጋር አብሮ የሚያለቅስ ጊታር ብቻ ነው። «ዳርክ ዋዝ ዘ ናይት፣ ኮልድ ዋዝ ዘ ግራውንድ» ይባላል። ዘማሪው ብላይንድ ዊሊ ጆንሰን ነው።

ይህ ቀረጻ ኅዳር 23 ቀን 2020 ዓ.ም. መቶ ዓመት ይሞላዋል። መቶኛ ዓመቱ እየቀረበ ሲመጣ ያንን ድምፅ በራሳቸው ጊታር ላይ ለማውጣት የሚደክሙ ሰዎችን ሁሉ የሚያከራክረው የቆየ ጥያቄም አብሮ ይነሳል፤ ጆንሰን ክሩ ላይ የሚያንሸራትተው ነገር ምን ነበር? (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጊታርን በጣት ከመጫን ይልቅ ጠንካራ ነገር ክሩ ላይ እያንሸራተቱ መጫወት «ስላይድ» ይባላል። ማሲንቆ ሲመታ ያየ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ድምፁ በደረጃ አይወጣም፣ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሳይቆረጥ ይንሸራተታል፤ ለዚህም ነው ከሰው ጉሮሮ የወጣ የሚመስለው። የብሉዝ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘወትር የሚጠቅሱት ምስክርነት የሙዚቃ ደራሲው ደብሊው. ሲ. ሃንዲ በ1941 ባሳተመው ግለ ታሪኩ ውስጥ ይገኛል። ሃንዲ በ1903 ገደማ፣ በሚሲሲፒዋ ተትዊለር ባቡር ጣቢያ፣ በጊታር ክር ላይ ቢላ እየጫነ የሚጫወት ሰው እንዳየ ጽፏል። በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ የተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ደግሞ ጊታርን ጭን ላይ አጋድሞ በብረት የመጫወትን የሃዋይ ስልት በመላ አሜሪካ አስፋፋ። ጆንሰን ያደገው እነዚህ ሁለት ልማዶች በተገናኙበት ዘመን ነው።

የተወለደው በጥር 1897 በቴክሳስ ሲሆን ያደገው ማርሊን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ዓይኑ የጠፋው በሰባት ዓመቱ ገደማ እንደሆነ ይነገራል። አባቱ ከእንጀራ እናቱ ጋር ሲጣላ፣ እንጀራ እናቱ በንዴት የሚያቃጥል የአመድ ውሃ ፊቱ ላይ ደፋችበት የሚለው ታሪክ የመጣው በመጨረሻ ዘመኑ አብራው ከኖረችው ከአንጀሊን ነው። በዚያ ዘመን ለአንድ ዓይነ ስውር ጥቁር ሰው የተረፈው እንጀራ የጎዳና ዝማሬ ነበር። ጆንሰንም በቴክሳስ ከተሞች የመንገድ ማዕዘን ላይ እየቆመ፣ ከጊታሩ ላይ የቆርቆሮ ጽዋ አንጠልጥሎ ዘመረ። ብሉዝ የሚባለውን የዓለም ዘፈን አልዘፈነም፤ ጣቶቹ ግን የብሉዝ ጣቶች ነበሩ። ከ1927 እስከ 1930 ባሉት ዓመታት ለኮሎምቢያ 30 መዝሙሮች ቀረጸ። የመጀመሪያው ሸክላው 9,400 ቅጂ ታትሞ አልበቃ ብሎ 6,000 ተጨምሮበታል።

ወደ ክርክሩ እንምጣ። የጆንሰንን ታሪክ መጀመሪያ አሳድዶ የሰበሰበው ሳሙኤል ቻርተርስ ነው። ቻርተርስ በ1950ዎቹ ቴክሳስን እያዳረሰ ጆንሰንን ያውቁ የነበሩ ሰዎችን ጠየቀ፤ አንጀሊንንም ቦሞንት ከተማ ውስጥ አገኛት። በ1957 በፎክዌይስ ኩባንያ የወጣው ሸክላና በ1959 ያሳተመው የብሉዝ መጽሐፍ ተረስቶ የነበረውን ሰው ከሞት አስነሱት ማለት ይቻላል። ቻርተርስ ጆንሰን ይጠቀም የነበረው የጠርሙስ አንገት ሳይሆን የኪስ ሰንጢ ነው ብሎ ጻፈ። ቃሉ የተመራማሪ ቃል ስለሆነ ብዙዎች ተቀበሉት፤ ዛሬም «ብላይንድ ዊሊ በቢላ ነበር የሚጫወተው» የሚለው ወሬ እንደ ታወቀ እውነት ይደጋገማል።

ለቻርተርስ ያለን ምስጋና ትልቅ ነው። ያለ እርሱ የጆንሰን ሕይወት ከጎዳናው አቧራ ጋር በጠፋ ነበር። ነገር ግን ዋና ምስክሩ አንድ ሰው ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ የተሰበሰበ ትዝታ ነው። ያ ትዝታ በሌላ ጉዳይ ላይ አሳስቷል። በበርካታ ሸክላዎቹ ላይ ከጆንሰን ጋር የምትዘምረው ሴት አንጀሊን ናት ተብሎ ለረጅም ጊዜ ተጽፎ ነበር። በኋላ ግን ድምፁ የቀድሞ ባለቤቱ የዊሊ ቢ. ሃሪስ መሆኑ ታወቀ። ከሰው ድምፅ ጋር የተያያዘው ትዝታ እንዲህ ከሳተ፣ በጣት መካከል ስለ ተያዘ ትንሽ ዕቃ የሚናገረውን በጥንቃቄ መስማት ይገባል። የዓይን ምስክር ነን ያሉት ሰዎችም አንድ ዓይነት ቃል አልሰጡም። የሚታወቀው ብቸኛ ፎቶግራፉ ጊታሩን ይዞ ቢያሳየውም፣ ጣቱ ላይ ያለውን ለመለየት የሚያስችል ጥራት የለውም።

ስለዚህ የቀረው ምስክር ሸክላው ራሱ ነው። ሸክላውን ደጋግሞ ላዳመጠ ሰው ሦስት ነገሮች ጎልተው ይሰማሉ። አንደኛ፣ ጆንሰን ክሩን አንድ ጊዜ ነክቶ፣ ድምፁ ሳይሞት ሦስትና አራት ኖታ በስላይዱ ብቻ ያወጣል፤ እያንዳንዱም በትክክል ቦታው ላይ ያርፋል። ሁለተኛ፣ የኖታው ጫፍ የሚንቀጠቀጥበት መንገድ ፈጣንና ጠባብ ነው፤ እንደ ሰው ድምፅ ይርገበገባል። ሦስተኛ፣ ዜማው በአብዛኛው በቀጭኑ ክር ላይ ሲሄድ አውራ ጣቱ ወፍራሞቹን ክሮች ይመታል፤ ሁለቱ እጆች አይጠላለፉም። ሰንጢ በሁለት ጣቶች መካከል ተይዞ ይህን ሁሉ በዚያ ፍጥነትና በዚያ ትክክለኛነት ማድረግ እጅግ ይከብዳል። ጣት ላይ እንደ ቀለበት የሚጠለቅ ነገር፣ የተቆረጠ የጠርሙስ አንገትም ሆነ የብረት ቱቦ፣ ከጣቱ ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ መንቀጥቀጡን ይታዘዛል። የድምፁም ውፍረት ከቀጭን ስለት ይልቅ ወደ ክብ ነገር ያደላል። በቢላ የመጫወት ልማድ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የነበረ እውነት ነው። በዚህ ሸክላ ላይ ያለው እጅ ግን የቢላ እጅ አይመስልም።

ይህ ክርክር ለጊታር ተጫዋቹ ተግባራዊ ጥቅም አለው። ያንን ድምፅ የሚፈልግ ሰው ከቅኝቱ ይጀምር። የጊታር የተለመደ ቅኝት ከወፍራሙ ክር ተነስቶ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ነው። ጆንሰን ስላይድ በሚጫወትባቸው መዝሙሮች የሚገኘው ቅኝት ሬ፣ ላ፣ ሬ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ፣ ሬ ነው። ስድስተኛውና አንደኛው ክር ከሚ ወደ ሬ፣ ሦስተኛው ከሶል ወደ ፋ ሻርፕ፣ ሁለተኛው ከሲ ወደ ላ ይወርዳሉ፤ አምስተኛውና አራተኛው እንዳሉ ይቆያሉ። ጊታሩ ምንም ሳይጫኑት ሲመታ ሙሉ የሬ ሜጀር ኮርድ ይሰጣል። ክሮቹ በዚህ ቅኝት ስለሚላሉ ወፍራም መሆን አለባቸው፤ የመጀመሪያው ክር ከ0.013 ኢንች ባያንስ ይመረጣል። ከጊታሩ አንገትም ትንሽ ከፍ ማለት አለባቸው፤ አለዚያ ስላይዱ በአንገቱ ላይ ያሉትን የብረት መስመሮች፣ ፍሬቶቹን፣ እየመታ ያንቋቋል።

ጊታሩ ውድ መሆን የለበትም። በ1920ዎቹ የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የጎዳና ተጫዋቾች በብዛት ይይዙት የነበረው በኒው ጀርሲ የኦስካር ሽሚት ኩባንያ የሚሠራው ርካሹ ስቴላ ነበር። ውስጡ እንደ መሰላል በአግድም በተደረደሩ ቀጭን እንጨቶች የተደገፈ ስለሆነ ድምፁ ደረቅና ቀጥተኛ ነው፣ ቶሎም ይሞታል። ስላይዱ ከፍሬቱ ብረት ትክክል በላይ ይቀመጥ፤ ከኋላው ካረፈ ኖታው ይጎድላል። ከስላይዱ በስተኋላ ያሉት ጣቶች ክሩን በስሱ ይንኩ፤ ያልተፈለገ ጩኸት የሚጠፋው በእነሱ ነው። በኤሌክትሪክ ማጉያና በማሚቶ ማሳመር አያስፈልግም። በሸክላው ላይ የምንሰማው በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ሰውና አንድ ጊታር ነው።

ከመሣሪያው ይልቅ ብዙዎች የሚስቱት ግን ዜማውን ነው። «ዳርክ ዋዝ ዘ ናይት» የተነሣው እንግሊዛዊው ቄስ ቶማስ ሃዊስ በ1792 ስለ ጌቴሴማኒ ጸሎት ካሳተመው መዝሙር ነው። በጥቁር አሜሪካውያን ባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት መሪው ስንኙን ይሰጣል፣ ምእመናኑ በረጅም እንጉርጉሮ ተቀብለው ይስቡታል። ጆንሰን ቃሉን አስቀርቶ እንጉርጉሮውን ብቻ ወሰደ፤ ድምፁ ይጀምራል፣ ጊታሩ ይቀበላል። መሪውም ምእመኑም እሱ ነው።

ከሚያዝያ 1930 በኋላ ጆንሰን ሸክላ አልቀረጸም። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የሸክላ ገበያውን አደቀቀው፤ እሱም ወደ ጎዳናውና ወደ ስብከቱ ተመለሰ። የ1945 የቦሞንት ከተማ የአድራሻ መዝገብ የጸሎት ቤት አገልጋይ አድርጎ ይመዘግበዋል። አንጀሊን እንደ ተረከችው ቤታቸው ተቃጠለ፣ በፍርስራሹ ውስጥ እርጥብ ፍራሽ ላይ ጋዜጣ አንጥፈው አደሩ፣ እሱም ታመመ። መስከረም 18 ቀን 1945 ሞተ። የሞት ማስረጃው የወባ ትኩሳት ይላል።

ድምፁ ግን አልሞተም። ፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒ በ1964 ስለ ማቴዎስ ወንጌል በሠራው ፊልም ውስጥ አስገባው። ራይ ኩደር በ1984 ለወጣው «ፓሪስ፣ ቴክሳስ» ፊልም ሙዚቃውን የሠራው በዚሁ መዝሙር ላይ ተመሥርቶ ነው። በ1977 ደግሞ በካርል ሴጋን የሚመራው ቡድን ቮዬጀር መንኮራኩሮች ላይ ለተጫነው የወርቅ ሸክላ ከዓለም ሁሉ 27 የሙዚቃ ሥራዎችን ሲመርጥ፣ የጆንሰንን መዝሙር ከባኽና ከቤትሆቨን ጎን አስቀመጠው። ቮዬጀር 1 በ2012 የፀሐይን ግዛት ለቆ በከዋክብት መካከል መጓዝ ጀምሯል።

ጊታር የምትማሩ ወጣቶች ሆይ፣ ለዚህ ድምፅ ውድ ዕቃ ፍለጋ አትድከሙ። መዝሙሩን መጀመሪያ በአፋችሁ አንጎራጉሩት፤ እስኪዋሐዳችሁ ድረስ ደጋግሙት። ከዚያ ጊታሩን በሬ ቅኝት ቃኙ፣ ጫፉ በደንብ የተሞረደ የጠርሙስ አንገት በጣታችሁ አጥልቁ፣ በአንድ ክር ላይ ብቻ ጀምሩ። እስከ ኅዳር 2020 ዓ.ም. ጊዜ አላችሁ።