ቁልቁለትና ፍሬን፤ ከገሱባ መንገድ የታየ የመኪና ታሪክ

ስለ አገራችን አውራ ጎዳና ታሪክ የሚጻፉት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚተርኩት መንገዱን ማን እንዳሠራው፣ ርዝመቱ ስንት እንደ ሆነና ከየት ወዴት እንደሚያደርስ ነው። በመንገዱ ላይ የሚወርደው ካሚዮን በምን ተገትቶ እንደሚወርድ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የኦፋ ወረዳ ከተማ የሆነችው ገሱባ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በሰላም በር በኩል ወደ ሳውላ በሚያልፈው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዚህ አገር ዝንጅብል፣ ቡናና በቆሎ የሚጫነው ዳገትና ቁልቁለት በሚፈራረቁበት መንገድ ስለ ሆነ፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ለመንገደኛው እንግዳ አይደለም። ይህ ጽሑፍ የዚያን ሽታ ምክንያት በታሪክና በፊዚክስ በኩል ለመመርመር ይሞክራል። የምናስረዳውም ነገር ይኸው ነው፤ ፍሬን በየዘመኑ ተሻሽሏል፤ ዳሩ ግን ከመሻሻሉ የተገኘውን ትርፍ ጭነትና ፍጥነት እየበሉት ስለ ሄዱ፣ ቁልቁለቱ ዛሬም እንደ ቀድሞው ሰው ይበላል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመኪና በፊት በደጋው አገር የሚጓጓዘው ጭነት በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ትከሻ ነበር። የጭነት ከብት የራሱ ፍሬን ራሱ ነው። ቁልቁለት ሲያይ እርምጃውን ያሳጥራል፤ ሲደክመው ይቆማል። ሰው የጨመረለት ነገር ቢኖር ኮርቻው ወደ አንገቱ እንዳይንሸራተት በጭራው ሥር የሚያልፈውን ጠፍር ነው። መንኰራኵር ግን ሐሳብ የለውም፤ የያዘው እስከሌለ ድረስ እየፈጠነ ይወርዳል። ስለዚህ በተራራ አገር ባለ መንኰራኵር መጓጓዣ ሲገባ አብሮት የገባው አዲስ ችግር መጎተት ብቻ ሳይሆን መግታትም ነበር።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የደረሰው በ1907 እና በ1908 መካከል፣ በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ ደግሞ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። «ፍሬን» የምንለውን ቃል ፈረንሳዮች «ፍሬን»፣ ኢጣልያኖች «ፍሬኖ» ስለሚሉት ቃሉ በባቡሩም ሆነ በካሚዮኑ በኩል ሊገባ ይችል ነበር። «ጎማ»፣ «ካምቢዮ» እና «ፍሪሲዮን» ግን የኢጣልያንኛ መልክ በግልጽ ይታይባቸዋል። ይህም ሊያስገርመን አይገባም። ኢጣልያ ከ1936 እስከ 1941 አገራችንን በወረረችበት ጊዜ ሠራዊቷንና ስንቋን ለማመላለስ ካሚዮኖችን በብዛት አስገብታ ነበርና።

በዚያው ዘመን የተቀደዱት መንገዶች ተራራውን በጥምዝ እየዞሩ የሚወጡ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የጣርማ በር መንገድ ሲሆን፣ ዋሻው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርድ መኪና ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ይለቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መጠቀስ አለበት። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የሾፌሩን እግር የሚያግዘውና ሰርቮ የሚባለው መሣሪያ በቫኪዩም የሚሠራ ሲሆን ኃይሉን የሚያገኘው ከዚሁ የአየር ግፊት ነው። ስለዚህ ረጅሙ ቁልቁለት በሚጀምርበት በዚያ ጫፍ ላይ እርዳታው ይቀንሳል፤ የሳሳውም አየር የጋለውን ብረት እንደ ቆላው አየር አያበርደውም።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት ስሌት ይረዳናል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ 20 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መንገድ 1,400 ሜትር ያህል ይወረዳል። ጠቅላላ ክብደቱ 15 ቶን የሆነ ካሚዮን ይህን ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ200 ሚሊዮን ጁል በላይ ነው። ይህ 600 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ከዚህ ውስጥ ጎማውና አየሩ ጥቂቱን ይወስዳሉ፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ መቀበል አለበት። ለማነጻጸር ያህል፣ 1,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን የውድድር መኪና በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ቆይቶ ቢቆም ፍሬኑ የሚቀበለው 1.4 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። የካሚዮኑ አንድ ቁልቁለት የውድድር መኪናውን 150 ጊዜ ያህል ከማቆም ጋር ይተካከላል ማለት ነው።

ፍሬን ሲግል የሚደክመው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ሸራው ከልክ በላይ ሲግል፣ ሸራውን የሚያያይዘው ሙጫ ጋዝ እየለቀቀ የመያዝ ኃይሉ ሲቀንስ ነው። በዚህ ጊዜ ፔዳሉ ጠንካራ ነው፤ መኪናው ግን አይቆምም። ሁለተኛው ታምቡሩ በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ሲርቅ ነው፤ ፔዳሉም ከወትሮው ረዝሞ ይገባል። ሦስተኛው የፍሬን ዘይት ሲፈላ ነው። ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፤ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ ወለሉን ይነካል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን መፍላት ያለበት ከ205 ዲግሪ ሳያንስ ነው፤ ከአየር እርጥበት ሲስብ ከቆየ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዝናብ በሚበዛበት እንደ ወላይታ ባለ አገር ዘይቱን በጊዜው መለወጥ ቅንጦት አለመሆኑ ከዚህ ይታያል።

የሰው ልጅ ይህን ድክመት ለማሸነፍ ያደረገው ጥረት ረጅም ነው። እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ በ1897 የፍሬን ሸራ መሥራት የጀመረው የጋሪ ነጂዎች አሮጌ ጫማ ከፍሬን እንጨታቸው ላይ ሲያስሩ አይቶ ነው ይባላል። የቀድሞው ሸራ የጥጥ ድር ነበር፤ መካኒኮቻችን ዛሬ ለብረት አከሉ ነገር እንኳ «ሸራ» ማለታቸው ከዚህ ታሪክ ጋር መግጠሙ ያስደንቃል። ጥጡ ሙቀት ስላልቻለ አስቤስቶስ ተተካ፤ እርሱም በተራው ሳንባን እንደሚጎዳ ታውቆ በብዙ አገር ታገደ። በ1921 የዱዘንበርግ ፋብሪካ በአራቱም ጎማ በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን ያለውን መኪና ለገበያ አቀረበ። በ1953 ደግሞ ጃጓር በለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር በዲስክ ፍሬን አሸነፈ። የዲስኩ ብልጫ ለነፋስ የተጋለጠ መሆኑና ሲግል ከሸራው አለመራቁ ነው። በውድድር ሜዳ የተፈተነው መሣሪያ ከዚያ በኋላ ወደ ተራው መኪና ወረደ።

ዛሬ መኪናውን ለፍጥነት የሚያዘጋጅ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ታሪክ ማሳጠር ነው። ሰፊና ነፋስ የሚያስገባ ዲስክ፣ ሙቀት የሚችል ሸራ፣ እንደ ዶት 4 ያለ ከፍ ባለ ሙቀት የሚፈላ ዘይት ያስገባል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሦስት ስሕተቶች ይከተሉታል። ለውድድር የተሠራ ሸራ ካልሞቀ በደንብ አይዝም፤ ስለዚህ በጧት ብርድ በከተማ ለሚነዳ አደገኛ ነው። የኋላውን ፍሬን ብቻ ማጠንከር የኋላ ጎማ ቀድሞ እንዲቆለፍና መኪናው እንዲዞር ያደርጋል። ሦስተኛውና ዋነኛው ደግሞ መኪናውን በመጨረሻ የሚያቆመው ጎማው መሆኑን መርሳት ነው። ጎማው ያለቀበት መኪና በውድ ዲስክ አይድንም።

በካሚዮን በኩል ያለው ታሪክ ትምህርቱ ይበልጣል። የጥንቱ ሾፌር ደካማ ታምቡር ይዞ የሚወርደው በማርሽ ነበር፤ በወጣበት ማርሽ ይወርዳል ይባላል። ይህ ልማድ በስሌት ሲመረመር ትክክል ነው። ከላይ የጠቀስነው ባለ 15 ቶን ካሚዮን የዓባይን ቁልቁለት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢወርድ የሚለቀው 57 ኪሎዋት ያህል ነው፤ በ40 ኪሎ ሜትር ቢወርድ ግን 114 ኪሎዋት ይሆናል። ጠቅላላው ሙቀት አልተለወጠም፤ የሚበርድበት ጊዜ ግን በግማሽ አጠረ። ዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩን ፍሬን ያደርገዋል፤ ዜሮ ማርሽ ግን ሸክሙን ሁሉ በሸራው ላይ ይጥላል። ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሰው ጥቂት ሳንቲም አትርፎ ነፍስ ያስይዛል።

በ1951 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ መንገዱ እየሰፋና እየተሻሻለ ሄደ። በካሚዮኖቹ ላይም በታመቀ አየር የሚሠራ ፍሬን ገባ፤ የጭሱን መውጫ በመዝጋት ሞተሩን የሚያፍን ፍሬንም ተጨመረ። በአንጻሩም 15 ቶን የነበረው ክብደት ተሳቢ ሲቀጠልበት 40 ቶን ሆነ። ይህ ክብደት በዚያው ቁልቁለት ሲወርድ ከ500 ሚሊዮን ጁል በላይ ይለቃል። አስፋልቱ ፍጥነትን ጋበዘ፤ አዲሱም ፍሬን ሾፌሩን አደፋፈረው። ትርፉ የተበላው እንዲህ ነው።

ምናልባት ጥፋቱ የሾፌሩ ብቻ ነው የሚል ይኖራል። ሾፌሩ በማርሽ ቢወርድ ብዙ አደጋ እንደሚቀር አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ከመጠን በላይ የሚጭነው ነጋዴ ነው፤ ባለቀ ሸራ መኪናውን የሚያሰማራው ባለንብረቱ ነው፤ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቆሞ የሚያቀዘቅዝበት ስፍራ ያላዘጋጀው ደግሞ የመንገዱ መሐንዲስ ነው። የሙቀት ሕግ ግን ከእነዚህ መካከል ማንንም ለይቶ አያይም።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት መደምደሚያ ቀላል ነው። ፍሬን ሙቀቱን ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውራል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ የተሻለ ፍሬን ያገኘ ኅብረተሰብ በተሻለው ልክ ጭነትና ፍጥነት ከመጨመር ይልቅ፣ ትርፉን ለሰው ሕይወት መጠባበቂያ አድርጎ ሊያስቀምጠው ይገባል። ከሶዶ ወደ ገሱባ፣ ከገሱባም ወደ ሳውላ የሚጓዘው ገበያተኛ ከነዝንጅብሉ በሰላም መግባቱ የሚወሰነው ይህ መጠባበቂያ በመቀመጡ ነው።