በአውቶሞቢል ውስጥ የተተከለው የማይታይ አጥር

በዘመናዊ አውቶሞቢል ዳሽቦርድ ላይ የፍጥነት መለኪያው፣ የፍሬን ማስጠንቀቂያው፣ ሙዚቃውና ካርታው ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ብዙ ጊዜም ሁሉም ከአንድ ኮምፒዩተር የሚመነጩ ናቸው። ሙዚቃው ቢቋረጥ ጉዳቱ ከመሰላቸት አያልፍም። ማስጠንቀቂያው ቢዘገይ ግን የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። እነዚህን ሁለት ባሕርያት በአንድ ጣሪያ ሥር ለማኖር መሐንዲሶች የያዙት ጥበብ ለአውቶሞቢል ተብሎ የተፈጠረ አይደለም፤ ታሪኩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1960ዎቹ ነው (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ኮምፒዩተር አንድ ክፍል የሚሞላ፣ ዋጋውም እጅግ የናረ ስለነበረ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ እንዲገለገሉበት ማድረግ ግድ ነበር። አይ ቢ ኤም በማሳቹሴትስ ግዛት በኬምብሪጅ ከተማ በነበረው የሳይንስ ማዕከሉ የሠራው ሲ ፒ-40 የተባለ ሥርዓት በ1967 ሥራ ላይ ዋለ። ሥርዓቱ አንዱን መሣሪያ እስከ 14 ለሚደርሱ ምናባዊ ኮምፒዩተሮች ከፈለው፤ እያንዳንዱ ተጠቃሚም መሣሪያው የእርሱ ብቻ መሰለው። ሐሳቡ በ1972 ቪ ኤም/370 በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ክፍፍሉን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ሃይፐርቫይዘር ይባላል።

ኮምፒዩተር ወደ አውቶሞቢል የገባው ግን በተቃራኒው መንገድ፣ በትናንሽ ሣጥኖች ተከፋፍሎ ነበር፤ ለሞተሩ አንድ፣ ለፍሬኑ ሌላ፣ እያለ። ሣጥኖቹ ሲበዙ ሽቦውም በዛ። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ በ1983 ጀምሮ በ1986 ዲትሮይት ላይ ያስተዋወቀው ካን የተሰኘ የመገናኛ መስመር ሣጥኖቹን በሁለት ሽቦዎች አነጋገራቸው። በዚህ መስመር የሚተላለፍ መልእክት የላኪውን ማንነት አያረጋግጥም፤ በመስመሩ ላይ ያለ ሁሉ ይታመናል። በዘመኑ ይህ እንደ ጉድለት የሚቆጠር አልነበረም፤ መስመሩን ለመንካት መኪናውን መክፈት ያስፈልግ ነበርና።

ከዚያ ሬዲዮው ከስልክ መረብ ጋር ተገናኘ። በ2015 ቻርሊ ሚለርና ክሪስ ቫላሴክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ቤታቸው ተቀምጠው፣ በአውራ ጎዳና ላይ የሚጓዘውን ጂፕ ቼሮኪ በመዝናኛ ሥርዓቱ በኩል ገቡበት፤ ነጂው ፈቅዶ የተቀመጠበት ሙከራ ነበር። ነዳጅ መስጫውን ቢረግጥም መኪናው ኃይል አጥቶ ተጎተተ። ፊያት ክራይስለር 1.4 ሚሊዮን ተሽከርካሪዎችን ለእርማት ለመጥራት ተገደደ። ለመሐንዲስ ትልቁ ትምህርት ግን ከዚህ የረቀቀ ነው። በዚያ መኪና ውስጥ የመዝናኛው ቺፕ ከካን መስመር ጋር በቀጥታ አልተገናኘም፤ በመካከላቸው ራሱን የቻለ ሌላ ቺፕ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ቺፕ አዲስ ፕሮግራም ሲሰጠው ከማን እንደመጣ ሳይጠይቅ ተቀበለ። አጥሩ ቆሟል፤ በሩ ግን ዘበኛ አልነበረውም።

ስለ አጥርና ስለ በር አስቀድመው ያሰቡ ነበሩ። ጆን ረሽቢ በ1981 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠሩ ክፍሎች በተለያዩ ቦታዎች የተቀመጡ መሣሪያዎች ያህል መለያየት እንዳለባቸው፣ የሚነጋገሩትም በታወቁ መስመሮች ብቻ መሆን እንዳለበት አስረዱ። ሐሳቡ በርካሽ ቺፕ ላይ በቀላሉ እንዲሠራ ግን መሣሪያው ራሱ ማገዝ ነበረበት። አርም ኩባንያ በ2010 ባስተዋወቀው ንድፍ ሃይፐርቫይዘሩ ከሥርዓተ ክወናዎቹ ሁሉ በላይ የሚቆምበት ደረጃ ተሰጠው። የመዝናኛው ክፍል የሚጠራው የማኅደረ ትውስታ አድራሻ ሁሉ በሁለተኛ ሰንጠረዥ ይመረመራል፤ ያልተፈቀደለትን ሊነካ ቀርቶ መኖሩንም አያውቅም።

የቦታው አጥር እንዲህ ተገኘ። የጊዜው አጥር ግን ይበልጥ አስቸጋሪ ነው። የአሜሪካ ደንብ ከሜይ 2018 ጀምሮ በአዳዲስ ቀላል ተሽከርካሪዎች ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖር፣ ኋላ ማርሽ በገባ በ2 ሴኮንድ ውስጥም ምስሉ እንዲታይ ያዛል። እንደ አንድሮይድ ያለ ሰፊ ሥርዓተ ክወና ተነሥቶ ለሥራ እስኪደርስ ከዚህ የበለጠ ሊወስድ ስለሚችል፣ ካሜራው ቀድሞ ለሚነሣ አነስተኛ ክፍል ይሰጣል። አውሮፕላን ሠሪዎች በ1996 በወጣው አሪንክ 653 በተባለው ደንብ ለእያንዳንዱ ክፍል የማይነካ የጊዜ ተራ መድበው ነበር። ዛሬ ግን በአንድ ቺፕ ላይ ብዙ አንጎሎች አብረው ይሠራሉ፤ አንጎሉ የየራስ ቢሆንም የማኅደረ ትውስታው መንገድ የጋራ ነው። የየራሳቸው ግቢ ያላቸው ጎረቤታሞች በአንድ ቦኖ ወረፋ እንደሚጋፉት፣ ፊልም የሚያሳየው ክፍል መንገዱን ሲያጣብብ የማስጠንቀቂያው ክፍል ይዘገያል። ለኪራይ በሚሰጡ የኮምፒዩተር ማዕከላት ብዙውን ጊዜ በአማካይ መፍጠን ይበቃል። በአውቶሞቢል ግን የሚለካው የከፋው ሁኔታ ነው፤ ከቢሮ ኮምፒዩተር የተወሰደ ሃይፐርቫይዘር እንዳለ ወደ መኪና ሲገባ የሚወድቀውም በዚህ ነው።

በ2009 የአውስትራሊያው የምርምር ተቋም ኒክታ ኤስ ኢ ኤል 4 የተባለውን፣ ወደ 8,700 የሚጠጉ የሲ ቋንቋ መስመሮች ያሉትን አነስተኛ የሥርዓተ ክወና እምብርት ከተጻፈለት መግለጫ ጋር መስማማቱን በሒሳብ አረጋገጠ። ታላቅ ሥራ ነበር። ይሁንና ማረጋገጫው ፕሮግራሙ ተገቢውን ነገር መሥራቱን እንጂ በስንት ማይክሮሴኮንድ እንደሚጨርስ አይናገርም ነበር። በአብዛኞቹ አውቶሞቢሎች ፍሬንና መሪ እስከ ዛሬ የሚታዘዙት በየራሳቸው ሣጥን ነው፤ ሃይፐርቫይዘሩ በዋናነት የተሾመው በዳሽቦርዱ ላይ ነው።