የወረ ሼህ ቤት፦ ሥልጣንና ውርስ በዘመነ መሳፍንት

ከላስታና ከዋድላ በስተምሥራቅ የሚገኘው የየጁ አገር፣ ወረ ሼህ ተብሎ የሚታወቀውን የመሳፍንት ቤት ያፈራ አገር ነው። ይህ ቤት ከ1776 እስከ 1845 ዓ.ም. ድረስ፣ አልፎ አልፎ ቢቋረጥበትም፣ በጎንደር መንግሥት ላይ የእንደራሴነቱን ሥልጣን ይዞ ኖሯል። ነገሥታትን ሲሾምና ሲሽር፣ ከራሱ ወገን ግን አንድም ንጉሥ አላነገሠም። ዘውድ ከሰሎሞን ዘር አይወጣም የሚለው እምነት የጸና ስለ ነበር፣ ራሶቹ ዙፋኑን ለሌላ ትተው ግዛቱን ለራሳቸው ያዙ። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ 6 ጊዜ ነግሠው 6 ጊዜ ከዙፋን መውረዳቸውና «ፍጻሜ መንግሥት» መባላቸው የዘውዱን መዳከም ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ እንደራሴነት ዘውድ ስላልነበረ የተደነገገ የውርስ ሥርዓትም አልነበረውም። ወራሹን የሚወስኑት የሠራዊት ብዛትና የመኳንንቱ ስምምነት ነበሩ። ቀዳማዊ ራስ ዓሊ በ1780 ዓ.ም. ሲሞቱ ሥልጣኑ ወደ ወንድማቸው ወደ ዓሊጋዝ አለፈ። ከዚያ በኋላ ከነበረው ሽኩቻ አሸንፈው የወጡት ራስ ጉግሣ መርሳ፣ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው እስከ 1817 ዓ.ም. ገዙ። እርሳቸውን ልጆቻቸው ይማም፣ ማርዬና ዶሪ ተራ በተራ ተኩ። በየካቲት 1823 ዓ.ም. ራስ ማርዬ ከትግሬው ገዥ ከደጃዝማች ሰባጋድስ ጋር ደብረ ዓባይ ላይ ሲዋጉ ወደቁ። ድሉ ግን የየጁ ሆነ፤ ሰባጋድስም ተማርከው ተገደሉ። ራስ ዶሪም ከጥቂት ወራት በላይ አልቆዩም። በ6 ዓመት ውስጥ 3 ወንድማማቾች በማለፋቸው፣ ሥልጣኑ ገና ልጅ በነበሩት በጉግሣ የልጅ ልጅ በዳግማዊ ራስ ዓሊ እጅ ወደቀ፤ የማዘዙ ኃይል ግን በእናታቸው በወይዘሮ መነን ሊበን ዘንድ ነበር።

ሕግ ያላጸናውን ሥልጣን ይህ ቤት በጋብቻ ለማጽናት ሞከረ። መነን ዐፄ ዮሐንስ ሦስተኛን አግብተው እቴጌ ተባሉ። የቋራው ሽፍታ ካሣ ኃይሉም እንዲገራ የራስ ዓሊ ልጅ ተዋበች ተዳረችለት። አማቹ ግን አልተገራም፤ በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነንን ማረከ፣ በሰኔ 1845 ዓ.ም. ስመ ጥሩውን የየጁ ፈረሰኛ አይሻል ላይ ድል ነሣ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ፣ ወረ ሼህ ሊደፍረው ያልቻለውን ዘውድ ራሱ ደፋ።

የቤቱ ዘር ከዚያም በኋላ ከቤተ መንግሥት አልራቀም። ከየጁ ባላባቶች የሚወለዱት ራስ ጉግሣ ወሌ ዘውዲቱ ምኒልክን አግብተው ሳለ፣ በ1909 ዓ.ም. ባለቤታቸው ንግሥት ስትሆን ከእርሷ እንዲለዩ ተደረገ። የበጌምድር ገዥ እንደ ሆኑም በንጉሥ ተፈሪ ላይ ተነሡ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ ከዋድላዋ ከኮን በስተምዕራብ በደብረ ዘቢጥ አቅራቢያ በሚገኘው በአንቺም ሜዳ፣ የደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ጦር አውሮፕላን ታክሎለት ገጠማቸው፤ ራስ ጉግሣም ተገደሉ። ንግሥት ዘውዲቱም ከ2 ቀን በኋላ ዐረፉ።

ቅድመ አያቶች በፈረስና በጦር ያቀኑት ሥልጣን፣ ፈረስ የማይደርስበት መሣሪያ በሰማይ ሲያንዣብብ አበቃ። የወረ ሼህ መሳፍንት ኃይል አላነሳቸውም፤ ጋብቻም አላነሳቸውም፤ ያነሳቸው፣ አንዱ ሲሞት ሌላው ያለ ጦርነት የሚተካበት ሁሉም የተቀበለው ሥርዓት ነበር።