የጥር 23 ፈረስ ለጀማሪ አይሰጥም

ስሙኝማ! ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስትሄዱ መሐል ላይ አዲስ ቅዳም አለች። የገበያ ቀን ነበር። ከሰል የጫነ አይሱዙ መንገዱን ዘግቶ ሾፌሩ ይጮኻል፤ እኔ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። አንድ ባለባርኔጣ ሽማግሌ መጡ። ልጆች ከኋላቸው «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይከተላሉ። ሽማግሌው ዘወር ብለው፣ በለዘበ ድምፅ፣ «ጃፓን» አሉ።

ልቤ ዘለለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊልም ከሚጭኑ ሱቆች በፍላሽ እያስጫንኩ ናሩቶ የሚባለውን አኒሜ፣ የጃፓን ካርቱን፣ ያየሁት ለዚች ቀን አይደል? ብድግ አልኩና ደረቴን ነፍቼ «ኦማኤ ዋ ዳሬ ዳ!» አልኳቸው። በእኔ ቤት «እርስዎ ማን ይባላሉ?» ማለቴ ነው።

ሽማግሌው ክው አሉ። ቀጥለው አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። አንዲት ቃል ብቻ ጠየቁኝ፦ «አኒሜ?»

ለካ ያልኩት «አንተ! ማነህ?» ኖሯል፤ ያውም ጠላቱን መንገድ ላይ ያስቆመ ሰው የሚናገረው ዓይነት። ሽበት ያወጣን ሰው አንተ ማለት በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ። እናቴ አለመስማቷ በጀኝ።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ሲወጣ የሚጋለቡትን ፈረሶች ያየ ያውቃል፤ እሳት ናቸው። ልጅ ግልቢያ ሲማር ግን በእነሱ አይጀምርም። ረጋ ያለች፣ ሸክም የለመደች ባዝራ ፈልገው ነው የሚያወጡት። እኔ በጥር 23ቱ ፈረስ ጀምሬ አዲስ ቅዳም ላይ ወደቅሁ።

«ደግሞ እዚህ አዊ ዞን ጃፓንኛ ምን ይሠራል?» የሚለኝ አይጠፋም። የቶቶሪ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው እዚሁ ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ጉደር ተፋሰስ ላይ ስለ አፈር መሸርሸርና ስለ መሬት አያያዝ ሲያጠኑ ከርመዋል። ገበሬው ለከሰል የሚተክላትን ዲከረንስ ግራር ሳይቀር ጽፈውባታል። እነሱ የእኛን ግራር ካጠኑ እኛ የእነሱን ሰላምታ ብናጠና ምን ነውር አለው? ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1924 ጃፓን ደርሰው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ጻፉልን፤ ከበደ ሚካኤል በ1946 «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» አሉን። ሁለቱም ስለ ጃፓን ነገሩን፤ ጃፓንኛ ግን አላስተማሩንም። ዛሬ ካይዘን የሚለው ቃል ያልተለጠፈበት መሥሪያ ቤት ስንት ነው? ከዚያ ወዲያ ያለውን ቃል ስትጠይቁ ዝም ነው።

እንግዲህ ባዝራዋን ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት የስልክ መተግበሪያ ጃፓንኛውን በላቲን ፊደል እየጻፈ የሚያስተምር ነበር። አንድ ወር ፈጀሁበት። አንድ ቀን ግን ሂራጋና የሚባለውን የጃፓኖቹን ፊደል ሰንጠረዥ አይቼ ሳቄ መጣ። ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ! ይኼ እኮ የኔታ በአለንጋ ያስቆጠሩን ነው! አንድ ምልክት፣ አንድ ድምፅ። የእኛ 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ የእነሱ መሠረታዊው 46 ብቻ ነው። ሀሁን የጨረሰ ሰው 46 ይፈራል? ካርቶን ቆርጬ በአንድ ፊት ሂራጋናውን፣ በሌላው በላቲን ፈንታ ፊደላችንን ጻፍኩበት፤ በሁለት ሳምንት አለቀ።

ማጥበቅና ማላላት የሚባለውን ጣጣ እንግሊዝኛ ተናጋሪው መከራውን ሲያይ እኛ ከእናታችን ጡት ጋር ጠጥተነዋል። «ገና» ሲላላ ሌላ፣ ሲጠብቅ ሌላ እንደሆነው ሁሉ «ኪቴ» ሲላላ «መጥቶ»፣ «ቴ» ስትጠብቅ ቴምብር ነው። እነሱ ለጥብቀቱ ትንሽዬ ምልክት አበጅተውለታል። እኛ እስከ ዛሬ በግምት እናነባለን፤ ይኼን በቅንፍ ያዙት።

ቀጥሎ ጆሮዬን የሚያለምድልኝ ፈለግሁ። የጃፓኑ ብሔራዊ ማሰራጫ ኤንኤችኬ በነፃ ያደለው 48 ክፍል ትምህርት አለ፤ እያንዳንዱ 10 ደቂቃ ነው። አና የምትባል፣ ከታይላንድ ጃፓን ለትምህርት የሄደች ልጅ ታሪክ ነው። ድምፁንም ጽሑፉንም ማውረድ ይቻል ነበር። እኔም ባገኘሁት ዋይፋይ ሁሉ አወረድኩት። በጀኝ! በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ሲጠፋ መተግበሪያው ደርቆ ቀረ፤ አና ግን ስልኬ ውስጥ ነበረች።

መብራት በሌለበት ማታ፣ አያቴ ድንች ፍሙ ላይ እየገለበጠች፣ እኔ አናን ከፍቼ እደግማለሁ። «ፓን ኦ ታቤማስ» አልኩ። ፓን ዳቦ፣ ኦ ማለት «ን»፣ ታቤማስ እበላለሁ። ዳቦ-ን እበላለሁ! በእንግሊዝኛው በኩል ስማረው ሁለቴ ተገልብጦ ይደርሰኝ የነበረው ቀጥ ብሎ ገባ። «ታቤማስ ካ?» ብትሉ ደግሞ «ትበላለህ ወይ?» ነው፤ ወይው እንኳ ቦታውን አልለቀቀም። «ታቤቴ ሚማስ» ቃል በቃል «በልቼ አያለሁ» ነው፤ እነሱም እንደኛ ሊሞክሩ ሲፈልጉ በልተው ያያሉ!

«እንጅባራ ካራ፣ ዳንግላ ማዴ» ላይ ስደርስ ግን ተደናቀፍኩ። «ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ» ነው፤ ሆኖም «ከ»ውም «እስከ»ውም ወደ ኋላ ሄደዋል። ሦስቴ ደጋግሜ ሦስቴ ተሳሳትኩ። አያቴ የአገውኛ አፍ ፈቺ ናት፤ አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ነው። ትርጉሙን ስነግራት ድንቹን ትታ ቀና አለች፦ «ምኑ ቸገረህ? አገሩን አስቀድመህ ጥራ፣ መነሻ መድረሻውን ከኋላ ለጥፍ። እኛ እንደዚያ አይደል የምንል?» ለካ መምህሬ እፍሙ ዳር ተቀምጣለች!

ወደ መጽሐፍ የዞርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ጃፓን ፋውንዴሽን «ኢሮዶሪ» የሚባል በነፃ የሚወርድ መማሪያ አለው፤ ሱቅ፣ ሐኪም ቤት፣ ሥራ ቦታ የሚነገረውን ነው የሚያስተምረው፤ የሚጀምረውም በአክብሮቱ አነጋገር ነው። ለእኔ የጀማሪ መማሪያ ማለት ይኼ ነው፤ መቅለሉ ብቻ አይደለም፣ «አንቱ»ን ከ«አንተ» ያስቀደመ ነው። አንቱ ብለህ ብትሳሳት ይስቁልሃል፤ አንተ ብለህ ብትሳሳት፣ ያው አያችሁኝ።

ለንባብ «ታዶኩ» የሚሏቸው በደረጃ የተከፈሉ ቀጫጭን ታሪኮች አሉ፤ ከዜሮ ይጀምራሉ፣ ሥዕላቸው ይበዛል። ሕጋቸው ይገርማል፦ መዝገበ ቃላት አትክፈት፤ ያልገባህን ዝለል፤ ካስጠላህ ጣለውና ሌላ አንሣ። የኔታ ፊት አንዲት ፊደል ዘሎ አለንጋ ለቀመሰ ሰው ይኼን መልመድ ከሂራጋናው ይብሳል። ካንጂ ስለሚባሉት ሌሎቹ የጃፓንኛ ምልክቶች አትጠይቁኝ፤ ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ የተመረጡት ብቻ 2,136 ናቸው፣ እኔ መቶ አልሞላሁም። ናሩቶንም አልተውኩትም፤ ለጨዋታ አየዋለሁ፣ ከአፉ ግን አልማርም።

የአና 48 ክፍል ከነጽሑፉ፣ ኢሮዶሪና በፊደላችን የሠራሁት የሂራጋና ካርድ ፎቶ አንድ ፍላሽ ላይ አሉ። እንጅባራም ዳንግላም ያላችሁ፣ መቅዳት የፈለጋችሁ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፤ ብቻ ቫይረስ የሌለበት ይሁን።